ልጄ የኤስኤቲ ውጤቷን ትላክ ወይስ ትተወው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፤ ይህን የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሴት ልጄ በ2017 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈትና በተፈጥሮ ሳይንስ ከ600 ነጥብ 487 አምጥታለች። ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ዘመዳችን ከፍሎላት አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ኤስኤቲ የተባለውን የአሜሪካ ፈተና ወስዳ ነበር፤ ውጤቷም ከ1600 1340 ሆነ፣ በሒሳብ 760 በንባብና ጽሑፍ 580 ማለት ነው። አሁን ወጪ ለሚሸፍኑ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከት እየተዘጋጀች ነው። ከመረጠቻቸው መካከል አንዳንዶቹ የኤስኤቲ ውጤት የግድ ነው ሲሉ፣ ሁለቱ ግን መላክ አለመላክ በአመልካቹ ፈቃድ ነው ይላሉ። እነዚህ ሁለቱ ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች አብዛኞቹ ከ1500 በላይ ያመጡ መሆናቸውን ስላነበበች «የእኔን ከማሳያቸው ባላሳያቸው ይሻላል» ትላለች። እኔ ስንት ጎበዝ ልጅ በጥቂት ቀናት ፈተና ቤቱ ሲቀር ያየሁ ሰው በመሆኔ ፈተና የማይጠይቅ ትምህርት ቤት መኖሩን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ፈተናው ካልታየ የእኛን ልጆች በምን ያውቋቸዋል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ። እባካችሁ ምከሩን።
አባት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ክቡር አባት፤ ልጅዎ ውጤቷን ትላከው። ይህን የምለው በድፍረት አይደለምና ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳዎ፤ የእርስዎ የመጨረሻ ጥያቄ ራሱ የመልሱን ግማሽ ይዟል።

በቅድሚያ ማትሪክ በሁላችንም ላይ ያሳደረው ፍርሃት ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ ማለትም ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጅዎ በተፈተነችበት በ2017 ዓ.ም. እንኳ ቁጥሩ ከፍ ብሎ የደረሰው 48,929 ወይም 8.4 በመቶ ላይ ነው። በእኛ አሠራር ይህ ነጥብ ሁሉን ይወስናል፤ ከመቁረጫው በታች የሆነ ልጅ ዕድል ከቀናው ሪሜዲያል ይገባል እንጂ የት እንደተማረ፣ ስንት ወር ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት እንደቆየ፣ ማታ በምን መብራት እንዳጠና የሚጠይቀው የለም። ልጅዎ ስለ 1340 ስታስብ የታያት ይኸው መቁረጫ ነጥብ ይመስለኛል። እጅግ መርጠው የሚቀበሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን መቁረጫ ነጥብ የላቸውም። ማመልከቻውን ሰው ቁጭ ብሎ ያነበዋል፤ ትራንስክሪፕቱን፣ የመምህራንን ደብዳቤ፣ ተማሪው ስለራሱ የጻፈውን ጽሑፍና የፈተናውን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ልጁ ካደገበት ቦታና ከተማረበት ትምህርት ቤት አንጻር ይመዝነዋል። ስለዚህ ከቦስተን የግል ትምህርት ቤት የመጣ 1340 እና ከደብረ ማርቆስ የመጣ 1340 በአንባቢው ዓይን አንድ ዓይነት ቁጥር አይደሉም።

ፈተናው ራሱም ሲጀመር ታሪኩ የሚያስደንቅ ነው። ኤስኤቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን፣ ስሙ ያኔ ልጅዎ በማትሪክ ከተፈተነቻቸው ስድስት ትምህርቶች አንዱ የሚጠራበት «ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ» ነበር። በ1930ዎቹ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄምስ ብራያንት ኮናንት ዩኒቨርሲቲያቸው ከጥቂት የሀብታም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ብቻ ተማሪ መቀበሉ ስላሳሰባቸው፣ ሄንሪ ቾንሲ የተባሉትን ረዳታቸውን ከሩቅ ክፍለ ሀገር የሚመጡ ብሩህ ልጆችን ለነፃ ትምህርት የሚለይ መመዘኛ እንዲፈልጉ አዘዟቸው፤ የተመረጠውም ይኸው ፈተና ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ፈተናው ራሱ የሀብታም መሣሪያ ነው የሚል ክስ ተነሣበት፤ ክሱም ከንቱ አልነበረም። የሃርቫርድና የብራውን ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በገቢ ከአገሪቱ የላይኛው 1 በመቶ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ልጆች 1300 እና ከዚያ በላይ የማምጣት ዕድላቸው ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች 13 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ልጅዎ ያለፈችው ይህንኑ 1300 መሆኑን ልብ ይበሉልኝ፤ ያውም በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋዋ።

ይሁንና ያው የምርምር ቡድን ሌላም ነገር አግኝቷል፤ በእኔ እምነት ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመን ይህኛው ነው። እኩል ነጥብ ካላቸው ተማሪዎች መካከል የላይኛው 1 በመቶ ልጆች ወደ ስመ ጥሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመግባት ዕድላቸው ከመካከለኛ ገቢ ልጆች ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ይህን ልዩነት በዋናነት የፈጠረው ፈተናው ሳይሆን አባቱ ወይም እናቱ እዚያው የተማሩ ልጅ የሚያገኘው ቅድሚያ፣ ለስፖርት ተብሎ የሚደረግ ምልመላና ከትምህርት ውጭ ላሉ ተግባራት የሚሰጠው ነጥብ ነው። እንግዲህ ፈተናው ሲነሣ የሚቀረው ምን እንደሆነ ይመልከቱ፤ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ በአማካሪ የሚያሳምረው ጽሑፍ፣ በውድ ክረምት መርሐ ግብር የተገኘ የምስክር ወረቀት፣ ስሙ በታወቀ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የተጻፈ ደብዳቤ ነው የሚቀረው። ከእነዚህ ውስጥ በጎጃም የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ በእጁ ያለው የትኛው ነው?

በኮቪድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ፈተናውን በፈቃድ አደረጉት፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከዚያም አልፎ ውጤት ቢላክለትም አያየውም። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ግን በ2022 ፈተናውን መልሶ ግዴታ ሲያደርግ የሰጠው ምክንያት፣ በትምህርት ቤታቸው ከፍተኛ ሒሳብ የመማር ዕድል ያላገኙ ነገር ግን ብቁ የሆኑ የድሀ ልጆችን ያለ ፈተና ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆኖብኛል የሚል ነበር። ዳርትማውዝ የተባለው ኮሌጅ በ2024 ተከተለው፤ የራሱ መምህራን ባደረጉት ጥናት ከችግረኛ ቤተሰብ የመጡ በመቶ የሚቆጠሩ አመልካቾች 1400 ገደማ ነጥብ ይዘው «አይበቃም» በማለት ሳይልኩ መቅረታቸውንና ቢልኩት ኖሮ የመግባት ዕድላቸው ይጨምር እንደነበር ደርሶበታል። ዬል፣ ብራውን፣ ሃርቫርድ፣ ካልቴክና ስታንፎርድም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ውሳኔ ወሰኑ። ልጅዎ ልታደርገው ያሰበችው ነገር እነዚያ ልጆች ካደረጉት ጋር አንድ ነው።

ነገሩን በእኛው አገር ልማድ ላየው እወዳለሁ። የቅኔ ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ከዋሸራም ይምጣ ከጎንጅ፣ አዲሱ የኔታ የሚያደምጡት የሚቀኘውን ቅኔ ነው፤ የመጣበትን መንደር ባያውቁት እንኳ አፉን ሲከፍት ያውቁታል። ማመልከቻ የሚያነበው አሜሪካዊ ግን የልጅዎን ትምህርት ቤት በስም አያውቀውም፤ በትራንስክሪፕቷ ላይ ያለው 95 በልግስና የተሰጠ ይሁን በላብ የተገኘ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። የሒሳቡ 760 ከ800 ግን በየትኛውም አገር ያለ መምህር የሚረዳው ቋንቋ ነው። ይህን ምስክር ከማኅደሯ ማውጣት ራስን መጉዳት ነው።

ስለ 1500ውም አንድ የማስረዳው ነገር አለ። ውጤት መላክ በፈቃድ በሆነበት ቦታ የሚልከው ውጤቱ ያማረለት ስለሆነ፣ የሚታተመው አኃዝ የላኩትን ብቻ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳይልኩ የገቡት በስሌቱ ውስጥ የሉም። ልጅዎ ራሷን የምታወዳድረው ተጣርቶ ከቀረበ ቁጥር ጋር ነውና አትደንግጥ።

የ580ው ጉዳይ ግን ሥራ ይፈልጋል። አቅምና ጊዜ ካለ ፈተናውን ደግማ ብትወስድ መልካም ነው፤ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከተለያዩ ቀናት የተገኘውን የየክፍሉን ከፍተኛ ነጥብ ስለሚደምሩ 760ው አይጠፋባትም፤ ንባቡን ወደ 650 ብታደርሰው 1410 ይሆንላታል ማለት ነው። ክፍያው ከአሜሪካ ውጭ ለሚፈተን ከ100 ዶላር በላይ መሆኑን፣ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር መጓዝም ወጪም ሥጋትም እንዳለው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ካልሆነ አይጨነቁ። መለማመጃው ካን አካዳሚ በተባለው የኢንተርኔት የትምህርት ገጽ በነፃ ይገኛል።

ጨርሶ ወደ መፈተኛ ጣቢያ መድረስ ላልቻሉ አንባቢያንም የሚጠቅም ነገር ልጨምር፤ ሃርቫርድ ኤስኤቲን ወይም ኤሲቲ የተባለውን ሌላ የአሜሪካ ፈተና ለማግኘት በማይቻልበት ልዩ ሁኔታ የአገር አቀፍ መልቀቂያ ፈተና ውጤትን ይቀበላል። ማትሪክ እንዲህ ዓይነት ፈተና ነውና ዋጋውን አሳንሳችሁ አትዩት።

በዚህ ላይ እጅግ የማሳስብዎ ነገር ይኖራል። 487 ከ600 በመቶኛ ሲሰላ 81 ይሆናል፤ የእኛን አገር የማያውቅ አንባቢ ይህን ሲያይ መካከለኛ ተማሪ ናት ብሎ ሊያልፋት ይችላል። በዚያ ዓመት 50 በመቶ የደረሱት ከመቶ ዘጠኝ እንኳ እንዳልሞሉ ካልተነገረው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ ከትራንስክሪፕቱ ጋር በሚያያዘው ደብዳቤ ላይ ይህ የ8.4 በመቶ አኃዝ፣ በአንድ ክፍል የሚማሩት ተማሪዎች ብዛት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በነበረው ግጭት ትምህርት የተቋረጠበት ጊዜና የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ያልነበረ መሆኑ ያለ ማጋነን፣ በቀንና በቁጥር ይጻፍላት። ልጅዎ ይህን ሁሉ በራሷ ጽሑፍ ውስጥ ለማስረዳት ብትሞክር ለራሷ ነገር ቦታ አይተርፋትም፤ ከሌላ ሰው እጅ ሲመጣም ይበልጥ ይታመናል። የብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች መደበኛ ማመልከቻ የሚዘጋው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት አካባቢ ስለሆነ፣ ደብዳቤው ተተርጉሞና ማኅተም አርፎበት እስከ ኅዳር አጋማሽ በእጅዎ ቢገባ መልካም ነው።