የቪትስ አላይመንት እቤት ይሠራል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ቪትስህ ወደ ቀኝ እንደሚስብና አላይመንቱን እቤት መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ቶውን፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩን፣ እሱን ብቻ ይቻላል። ካምበሩን፣ ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ጎን ማዘንበሉን፣ ለማሽን ተውለት።

መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ እኩል አድርግ። በክሪክ አንሳና ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘህ ነቅንቀው። ቴስቲናው (ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መጋጠሚያ) ከተንቀጫቀጨ መለካቱ ትርፉ ድካም ነው፣ እሱን ቀይር። ሜዳ ቦታ ፈልግ፤ ቸርችል ቁልቁለት ላይ እንዳትሞክረው! እኔ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ነው የሠራሁት፣ ጎረቤቴ የሜትሩን ጫፍ ይዞልኝ።

መሪውን ቀጥ አድርግና ከሁለቱ የፊት ጎማዎች በስተኋላ፣ በጎማው መሃል ከፍታ ላይ፣ ጥርሱን በጠመኔ ምልክት አድርገህ በመካከላቸው ያለውን ለካ። ከዚያ ምልክቱ ዞሮ ከፊት በኩል እስኪመጣ መኪናዋን ግፋና ደግመህ ለካ። ፊቱ ከኋላው ከ0 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢጠብ አትንካው። ከዚያ ከራቀ የቴስቲናውን ማሰሪያ ብሎን አላላና ዘንጉን በሁለቱም በኩል እኩል እያዞርክ አስተካክል፣ አለዚያ መሪህ ጠሞ ይቀራል። በነካህ ቁጥር ትንሽ ነድተህ እንደገና ለካ።

ደግሞ ትንሽ መሳቡ ከመንገዱም ሊሆን ይችላል፣ አስፋልቱ ውሃ እንዲወርድለት ወደ ዳር ያዘቀዝቃል።