ፓኤዝ የማን ልጅ ነው?

በዚህ እትም ከጎጃም የደረሱን አራት ጥያቄዎች ሁሉም በስፔኖች የቤተሰብ ስም ላይ ስላረፉ በአንድ ገጽ ሰብስበናቸዋል። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰከላ ወረዳ ታሪክ አስተምራለሁ። በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየውን ስፔናዊ አንዱ መጽሐፍ ፔድሮ ፓኤዝ፣ ሌላው ፓኤስ፣ ሌላው ደግሞ ፔሮ ፓይስ ይለዋል። ሦስት ሰው ነው እንዴ? ፓኤዝ የራሱ ስም ነው ወይስ የአባቱ? ተማሪዎቼማ የቼልሲው ኬንድሪ ፓኤዝ የልጅ ልጁ ይሆን ወይ እያሉ አላስቀምጥ ብለውኛል።

መልስ፦ መምህር፣ ሰውየው አንድ ነው። በ1564 ማድሪድ አጠገብ ዛሬ ኦልሜዳ ደ ላስ ፉዌንቴስ በምትባለው መንደር ተወለደ፣ በ1622 ጎርጎራ ላይ አረፈ። ስፔኖች ፓኤዝ ይሉታል። የመጨረሻዋን ድምፅ በማድሪድ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው ሲጠሯት፣ በላቲን አሜሪካ ግን «ስ» ብለው ያልፏታል። «ፓኤዝ» እና «ፓኤስ» የመጡት ከዚህ ነው። «ፔሮ ፓይስ» የፖርቱጋልኛው መልክ ነው። ሰውየው ወደ እኛ የተላከው በፖርቱጋሎች በተያዘችው በሕንዷ ጎዋ በኩል ነበር፤ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈውም በፖርቱጋልኛ ነው። ፔድሮም ሆነ ፔሮ የእኛው ጴጥሮስ ነው።

ፓኤዝ «የፓዮ ልጅ» ማለት ነው። በስፔንኛ ከአባት ስም ጫፍ ላይ የምትቀጠለው «ኤዝ» ልጅነትን ትነግራለች፤ ማርቲኔዝ የማርቲን፣ ፈርናንዴዝ የፈርናንዶ፣ ሎፔዝ የሎፔ ልጅ ነው። ፓዮ ደግሞ ፔላዮ የሚለው ስም ሲያጥር የወጣ ነው፤ ሥሩ ግሪክኛ ሲሆን ባሕርን ያነሣል። የባሕር ስም የተሸከመ ሰው ከዓባይ ምንጭ ዳር መቆሙ ያው ግጥምጥሞሽ ነው። ፔላዮ ሳያጥር ሲቀር ፔላኤዝ የሚል ስም ወጥቶታል፤ ፓኤዝና ፔላኤዝ አንድ ስም ናቸው ማለት ነው። ስሙ በሰሜን ምዕራብ ስፔንና በሰሜን ፖርቱጋል የበዛበት አንዱ ምክንያት በ926 ኮርዶባ ላይ በሰማዕትነት የሞተው ሕፃኑ ቅዱስ ፔላዮ ነው። በዚያ አገር ብዙ ቤተ ክርስቲያን በስሙ ታንጿል፣ ብዙ ልጅም ስሙን ወርሷል።

ዋናው ነገር ይህ ስም ድሮ እንደ እኛው ከትውልድ ትውልድ ይቀየር የነበረ መሆኑ ነው። የቶማርን ምሽግ በ1160 ያስጀመረው የፖርቱጋሉ የጦር አለቃ ጓልዲም ፓይስ ይባል ነበር፤ አባቱ ፓዮ ራሚሬስ ነው። አባትየው የራሚሮ ልጅ፣ ልጅየው የፓዮ ልጅ። ይህ ለጎጃም ሰው ማብራሪያ አይሻም፤ ራስ አዳል ተሰማ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ሆኑ እንጂ ተሰማ የሚለው ስም አልተከተላቸውም። ልዩነቱ በስፔን ከመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ስሙ ቀስ በቀስ መርጋቱ ነው። ስለዚህ የፔድሮ አባት ፓዮ ይባል ነበር ብለው አያስተምሩ። እርሱ በተወለደበት ዘመን ፓኤዝ የረጋ የቤት ስም ሆኖ ነበር። ሙሉ ስሙ ፔድሮ ፓኤዝ ሐራሚዮ ተብሎም ይጻፋል፤ ሐራሚዮ የቦታ ስም ነው፤ በቡርጎስ አውራጃ ሐራሚዮ ደ ላ ፉዌንቴ እና ሐራሚዮ ኬማዶ የሚባሉ መንደሮች ዛሬም አሉ።

ለተማሪዎችዎ፦ ፔድሮ ሚስት የማያገባ የካቶሊክ ካህን ነበርና ስሙን ያወረሰው ልጅ የለም። ኬንድሪ የኢኳዶር ልጅ ነው። በላቲን አሜሪካ ፓኤዝ ከስፔን ሰፋሪዎች ጋር የገባ ስም ቢሆንም፣ ተጠማቂው ነባር ሕዝብና ባሪያው የክርስትና አባቱን ወይም የጌታውን ስም እየያዘ ስለቀረ ስሙ የዘር ሐረግ ማረጋገጫ አይሆንም። በኮሎምቢያማ ራሱን ናሳ ብሎ የሚጠራው ነባር ሕዝብ በውጭ ሰዎች ዘንድ ፓኤዝ ተብሎ ነው የኖረው። በቬኔዙዌላ ካርታ ላይ ደግሞ ስሙ በየቦታው ተዘርቷል፤ ያ ግን የነጻነት ጦር መሪና ፕሬዚዳንት ከነበረው ከሆሴ አንቶኒዮ ፓኤዝ የተወሰደ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። የአንድ ስፔናዊ እንግዳ ፓስፖርት ላይ ከግል ስሙ ሌላ «ሩይዝ ደ ጋውና ሎፔዝ» የሚል አለ። ትኬት ስቆርጥ ሩይዝን የራሱ ስም፣ ደ ጋውናን የቤተሰብ ስም አድርጌ ሞላሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከፓስፖርቱ ጋር አልገጥም ብሎ ተጉላላን። እንግዳው ስሙ በስፔንም ብርቅ ነው አለኝ። ከየት የመጣ ነው? እንዲህ ያለ ስም የትኛው አገር እንደሚበዛ ማወቅስ ይቻላል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ ትኬቱ። ስፔናዊ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው የአባቱ አንደኛ፣ ሁለተኛው የእናቱ አንደኛ ስም ነው። ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት በተለያየ ስም ቢመጡ አይጠራጠሩ። በእንግዳዎ ስም ውስጥ «ሩይዝ ደ ጋውና» የሚለው ሦስት ቃል ሆኖ አንድ ስም ነው፤ ሎፔዝ ሁለተኛው ነው። መቼም ግምት አያስፈልግም፤ ፓስፖርቱ ፎቶ ያለበት ገጽ ግርጌ በቀስት ምልክት (<) የተሞሉ ሁለት መስመሮች አሉ። የላይኛው መስመር ላይ ከአገሩ ሦስት ፊደላት ቀጥሎ የቤተሰብ ስሙ ይጀምራል። አንድ ቀስት ክፍት ቦታ ማለት ነው፤ ሁለት ቀስት ተከታትሎ ሲመጣ የቤተሰብ ስም አበቃ፣ የግል ስም ጀመረ ማለት ነው። ከሁለቱ ቀስት በፊት ያለውን ሁሉ በቤተሰብ ስም ሣጥን ውስጥ ይሙሉ። ለስም የተተወው ቦታ የ39 ፊደል ብቻ ስለሆነ በጣም ረጅም ስም እዚያ ላይ ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ከላይ ያለውን ሙሉ ጽሕፈት ይመልከቱ።

ወደ ስሙ እንምጣ። ሩይ የሮድሪጎ ቁልምጫ ነው፤ ሩይዝ «የሩይ ልጅ» ነው። ጋውና ደግሞ በባስክ ምድር፣ በአላቫ አውራጃ፣ ዛሬ ኢሩራይዝ ጋውና በሚባለው ወረዳ ያለች ትንሽ መንደር ናት። እንዲህ የአባት ስምና መንደር አጣምሮ መያዝ የአላቫ መለያ ነው፤ ኦርቲዝ ደ ሳራቴ፣ ሎፔዝ ደ ሙናይን፣ ሳኤንዝ ደ ቡሩዋጋ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአንድ አካባቢ ሩይዝና ሎፔዝ ሲበዛ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፣ መንደሩ ይጨመራል። እዚህም በአንድ ክፍል ሁለት አበበ አለሙ ሲገኝ «የቡሬው»፣ «የደንበጫው» እየተባለ ይለያል። አላቫዎች ጭማሪውን መዝገብ ላይ አስፍረው አቆዩት፣ ሌላው ግን ብዙውን ጊዜ ጣለው። ስሙ ብርቅ የሆነውም በዚሁ ነው፤ ሩይዝ በመላው ስፔን ሞልቷል፣ የጋውናው ሩይዝ ግን መነሻው አንዲት መንደር ናት።

ስርጭቱን ለማየት የስፔን ብሔራዊ የስታትስቲክስ ተቋም በድረ ገጹ በነጻ የሚያሳየውን የስም መፈለጊያ ይጠቀሙ። ስሙን ሙሉውን፣ ቃላቱን በክፍት ቦታ ለይተው ይጻፉ። ጋውና ብቻ ቢጽፉ ሌላ ስም ነው የሚመጣልዎ፤ እርሱ ራሱን ችሎ በአርጀንቲና ጭምር የታወቀ ስም ነው። ውጤቱ ሦስት ቁጥር ይሰጣል፦ ስሙን አንደኛ አድርገው የያዙ፣ ሁለተኛ አድርገው የያዙ፣ በሁለቱም ቦታ የያዙ። ብዙ ሰው ሦስቱን ይደምርና ይሳሳታል። በሁለቱም የያዙት በየፊናቸው አስቀድመው ስለተቆጠሩ መቀነስ አለባቸው። ለሒሳብ ማሳያ ያህል፣ 300፣ 280 እና 4 ቢመጣ የሰዎቹ ቁጥር 576 ነው።

ቀጥሎ በአውራጃ የተከፋፈለውን ሰንጠረዥ ይክፈቱ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የሕዝብ ብዛት ነው፤ ማድሪድና ባርሴሎና ሰው ስለሚበዛባቸው ማንኛውም ስም እዚያ የበዛ ይመስላል። ስለዚህ ጠቅላላውን ትተው ከሺህ ሰው ስንት እንደሆነ የሚያሳየውን ዓምድ ይዩ። ሁለተኛው ፍልሰት ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ብዙ ገጠሬ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ስለፈለሰ የመኖሪያ ሰንጠረዡ አሁን ያሉበትን እንጂ የመጡበትን አይነግርም፤ የትውልድ አውራጃውን ይምረጡ። ስሙ በአገሪቱ ከ20 ሰው በታች ካለው መፈለጊያው ምንም አያወጣም፤ በአንድ አውራጃ ውስጥም ከ5 በታች ከሆነ ያ ቦታ ባዶ ይሆናል። ባዶ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ጥቂት ሰዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ ተደብቆ ነው።

ወደ ኋላ መሄድ የሚሻ ሰው ከ1871 ወዲህ ያለውን በመንግሥት የክብር መዝገብ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በደብሮች የጥምቀትና የጋብቻ መጽሐፍ ያገኛል። የአላቫ ደብሮች መጻሕፍት በቪቶሪያ ሀገረ ስብከት ታሪካዊ መዝገብ ቤት ተሰብስበዋል፤ የስም ማውጫውም በኢንተርኔት ይፈለጋል። ሲፈልጉ «ደ» የምትለዋን ቃል ጨምረውም ነቅለውም ይሞክሩ፤ ጸሐፊው ቸኩሎ ሩይዝ ብቻ ብሎ ያለፈበት ጊዜ አለ። ሌላው የሚያስተው «ሐ» ተብሎ የሚነበበው ድምፅ ነው። የስፔን ቋንቋ አካዳሚ በ1815 የፊደል አጻጻፉን እስካስተካከለበት ጊዜ ድረስ ሐራሚዮና ሂሜኔዝን የመሳሰሉት በኤክስ ይጻፉ ነበር፤ ዛሬ በጄ ብቻ ቢፈልጉ የቆየውን አያገኙትም።

ከ17ኛው መቶ ዘመን በፊት ደግሞ ወንድማማቾች የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ቢያገኙ ስሕተት አይምሰልዎ። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የእናቱን ወይም ያወረሰችውን አያቱን ስም ይይዝ ነበር። በ1599 የተወለደው ሰዓሊ ቬላስኬዝ አባቱ ሮድሪጌዝ ደ ሲልቫ ናቸው፤ ዓለም የሚያውቀው በእናቱ ስም ነው። «የስምዎን አርማ እንሸጣለን» የሚሉ ድረ ገጾችን እንግዳዎ ቢጠይቅዎ ደግሞ ገንዘቡን ይቆጥብ፤ አርማ ለአንድ ቤት ነው የተሰጠው፣ ስሙን ለያዘ ሁሉ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ደሳለኝ አየነው በላይ ስፔን ይኖራል። ልጃችን ሳሙኤል ደሳለኝ አየነው ነው፤ እኔ ትዕግሥት ሙሉ። ልጁ የስፔን ዜግነት ሲያገኝ ስሙ ምን ይሆናል? አባትና ልጅ ስማችሁ አይመሳሰልም ይሏቸዋል ብዬ ሰጋሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ ሥጋትዎ ልክ ነው። የስፔን ጸሐፊ የባለቤትዎን ስም ሲያነብ አየነውን አንደኛ፣ በላይን ሁለተኛ የቤተሰብ ስም ያደርጋል። የልጁን ሲያነብ ደግሞ ደሳለኝ አንደኛ፣ አየነው ሁለተኛ ነው፤ በእነርሱ ዓይን አየነው የእናቱ ወገን ይመስላል። እኛ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 32 የቤተ ዘመድ ስም የሚል ነገር ተጽፎልን እያለ በኑሯችን ስላልያዝነው፣ የምናሳያቸው ቋሚ የቤተሰብ ስም የለንም።

ዜግነት ሲሰጥ በደንቡ ከሄደ ልጁ የአባቱን አንደኛና የእናቱን አንደኛ ስም ይይዛል፤ ማለትም ሳሙኤል አየነው ሙሉ ይሆናል። ደሳለኝ የሚለው ጠፋ ማለት ነው። የያዘውን ስም ማቆየት ከፈለጋችሁ ዜግነቱን በሚቀበልበት ዕለት ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ በመዝገብ ቤቱ ማስታወቅ አለባችሁ፤ ሕፃን ከሆነም አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ራሱ ሊያስታውቅ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያመልጠው ይህ ቀን ነው። ስሙን ከማቆየት ወይም ከመለወጥ የቱ ይሻላል ካሉን፣ የትምህርት ማስረጃው ገና ላልበዛ ሕፃን ከአባቱ ጋር አንድ ስም መያዙ በትምህርት ቤትም በድንበርም ብዙ ንትርክ ያስቀርለታል እንላለን። የትኛውንም ብትመርጡ ግን የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ፓስፖርቱና የክትባት ካርዱ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን ቀድማችሁ አረጋግጡ። የደሳለኝ መጨረሻ በአንዱ ሰነድ «ኝ»ን በጂ ኤን፣ በሌላው በኤን ብቻ ከተጻፈ ለስፔን መዝገብ ሁለት ስም ነው። ትርጉሙንም በመንግሥት የታወቀ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይሥራው።

ጥያቄ፦ ከቡሬ። አብሮን የሚሠራ ፊሊፒናዊ መሐንዲስ ስሙ ፍጹም የስፔን ነው፤ መልኩ ግን የእስያ። ስፔናዊ አያት አለው ማለት ነው?

መልስ፦ ላይኖረው ይችላል። በስፔን ስም የፊሊፒንስ ገዢ የነበሩት ናርሲሶ ክላቬሪያ ኖቬምበር 21 ቀን 1849 ባወጡት ትእዛዝ ሕዝቡ ስፔኖች ካዘጋጁት የስም መጽሐፍ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ተደረገ፤ ዓላማው ግብርና ቆጠራን ማቅለል ነበር። መጽሐፉ በፊደል ተራ የተደረደረ ስለነበር በአንዳንድ ቦታ ገጾቹ ለየከተማው ታደሉ። በአልባይ አውራጃ ኦዋስ በምትባል ከተማ የነባር ቤተሰቦች ስም እስከ ዛሬ በአብዛኛው በ«ር» ይጀምራል።