በመተግበሪያው በኩል የከፈልኩት ለምን በዛ?

ጥያቄ፦ በአይፎኔ ላይ ባለው መተግበሪያ በኩል የአንድ የሙዚቃ አገልግሎት ደንበኛ ሆኜ በየወሩ እከፍላለሁ። ጓደኛዬ ግን በድረ ገጹ ስለተመዘገበ ለዚያው አገልግሎት ከእኔ ያነሰ ይከፍላል። ልዩነቱ ከየት መጣ? መተግበሪያውስ ርካሽ መንገድ እንዳለ ለምን አልነገረኝም?

መልስ፦ ልዩነቱ በአብዛኛው የሚገባው ወደ ሙዚቃ አቅራቢው ሳይሆን ወደ መተግበሪያ መደብሩ ነው። የአይፎን ሠሪና የመደብሩ ባለቤት የሆነው አፕል በአይፎን መተግበሪያዎች ውስጥ የሚሸጥ ዲጂታል ነገር ሁሉ፣ ሙዚቃም ይሁን የጨዋታ ሳንቲም፣ በራሱ የክፍያ ሥርዓት እንዲያልፍ ለረጅም ዓመታት ሲያስገድድ ቆይቷል፤ በመደበኛው ደንብ የሚቆርጠውም 30 በመቶ ነው። ደንበኛው 10 ዶላር ሲከፍል 3ቱ እዚያው መደብሩ ዘንድ ይቀራል ማለት ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ስልክ ታክሲ ቢጠሩ ወይም ጫማ ቢያዝዙ መደብሩ ከክፍያው ምንም አይነካም።

አገልግሎት ሰጪው እንግዲህ ጉዳቱን ራሱ ይችለዋል፣ አለዚያም ዋጋው ላይ ይጭነዋል። ዩቲዩብ የመረጠው ሁለተኛውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የፕሪሚየም ወርሃዊ ክፍያው በድረ ገጹ 13.99 ዶላር ሲሆን፣ በአይፎን መተግበሪያው 18.99 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር የማይበልጥ አነስተኛ አበልጻጊዎች (መተግበሪያ ሠሪዎች) 15 በመቶ ብቻ እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ እርስዎ የሚጠቀሙበት ዓይነት ትልቅ አገልግሎት ግን ከዚህ ቅናሽ ውጭ ነው።

ያልነገሩዎትም እንዳይነግሩ ስለተከለከሉ ሊሆን ይችላል። በመተግበሪያው ውስጥ ወደ ድረ ገጹ የሚወስድ የክፍያ ማስፈንጠሪያ ያስቀመጠ አበልጻጊ፣ መተግበሪያው በመደብሩ ምርመራ ውድቅ ይሆንበት ነበር። የአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ መተግበሪያ የሆነው ኪንድል የአይፎን ተጠቃሚዎች በመተግበሪያው ውስጥ መጽሐፍ ማየት እንጂ መግዛት ያልቻሉት በዚሁ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አፕልን ከ1.8 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የቀጣው፣ የሙዚቃ አገልግሎቶች ርካሽ አማራጭ እንዳለ ለደንበኞቻቸው እንዳይናገሩ በመከልከሉ ነበር። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2020 የጨዋታ ሠሪው ኩባንያ ኤፒክ ጌምስ በአፕል ላይ በጀመረው ክርክር፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በሰጠው ትእዛዝ ማስፈንጠሪያው ተፈቀደ፤ ኪንድልም ብዙ ሳይቆይ ወደ ድረ ገጹ የሚያሻግር ቁልፍ ጨመረ። ስለዚህ ዛሬ የሚያዩት ማያ ገጽ እንደሚኖሩበት አገር ይለያያል።

መደብሩ መተግበሪያዎችን ይመረምራል፣ ክፍያ ያስተናግዳል፣ የገንዘብ ተመላሽ ጥያቄም ይቀበላል፤ ለዚህ ዋጋ መጠየቁ ነውር አይደለም። ሻጩ ሌላ በር እንዳለ ለገዛ ደንበኛው እንዳይናገር መከልከሉ ግን ከአገልግሎት ዋጋ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አይታየኝም።

ወደ ድረ ገጹ ለመዛወር ከፈለጉ መተግበሪያውን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። በስልክዎ ቅንብሮች ውስጥ የደንበኝነት ምዝገባዎች ከሚለው ክፍል ገብተው ይሰርዙ፤ የከፈሉበት ወር እስኪያልቅም አገልግሎቱን ይጠቀሙና ከዚያ በኋላ በድረ ገጹ ይመዝገቡ።