ለብርድ ምሽት የአምበር ሽቶ ላልሽው

እህቴ፣ «ለብርድ ምሽት ሞቅ የሚል፣ ግን ሰው የማያፍን የአምበር ሽቶ ጠቁሙኝ፤ ጥር ላይ ሦስት ሠርግ አለብኝ» ያልሽውን አየሁት። ሰው ሁሉ ስም በስም ደርድሮልሻል። እኔም ስም እጠራልሻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ጠርሙሱ ላይ «አምበር» የሚል ጽሑፍ ስላየሽ ብቻ እንዳትገዢ።

ዱባይ፣ ዴይራ ውስጥ ሽቶ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አምበር የሚል የተጻፈባቸው አሥር የሚሆኑ ጠርሙሶች አንድ መደርደሪያ ላይ ነበሩን፤ አንዱ ኬክ ኬክ ይላል፣ አንዱ አዲስ ቆዳ ጫማ፣ አንዱ ደግሞ ፋርማሲ የገባሽ ነው የሚመስልሽ። ደንበኛ «ትክክለኛው አምበር የቱ ነው?» ሲለኝ መልስ አጣ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። አምበር እንደ በርበሬ ነው። በርበሬ ስንል ዛላውን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ የእናትሽና የአማትሽ በርበሬም አንድ ሆኖ አያውቅም። አምበርም ቅይጥ ነው፤ እያንዳንዱ ቀማሚ የራሱን ያዘጋጃል።

ቅይጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር አይጠፋም። አንዱ ላብዳነም ነው፤ ስፔንን ጨምሮ ሜዲትራኒያን አካባቢ ከሚበቅል ቁጥቋጦ የሚወጣ ጥቁር ሙጫ። ለብቻው ስታሸቺው ቆዳም፣ የተቃጠለ ማርም ይመስላል። ሁለተኛው ቤንዞይን ነው፤ ይኼ ደግሞ ከሱማትራና ከላኦስ የሚመጣ የዛፍ ሙጫ ነው። ዓረቦች «ሉባን ጃዊ» ይሉታል፣ የጃቫ ዕጣን እንደማለት። «ሉባንጃ» የሚለውን ስም ቡና ላይ ስንሰማ አላደግንም? ሦስተኛው ቫኒላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእ.ኤ.አ. 1874 ጀምሮ በላቦራቶሪ የሚሠራው ቫኒሊን። ለሐብል የሚሆነው ቢጫ አምበር ከዚህ ቅይጥ ውስጥ የለም። ስሙ የመጣው ከዓረብኛው «ዐንበር» ነው፤ ዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ ባሕር ዳር ከሚለቀመው ውድ ነገር። ዮናስን የዋጠውን ዓሣ አንበሪ ካስታወሰሽ ልክ ነሽ።

ለብርድ የሚመረጠው ለምንድነው ብትዪ፣ ሽቶ በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚተነው። ሎሚና ብርቱካን የመሳሰሉት ቀላል ሽታዎች በብርድም በሙቀትም ቶሎ ያልቃሉ። ሙጫው ከባድ ነው፤ ቆዳሽ ላይ ተኝቶ ሰውነትሽ ባሞቀው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ያው አምበር ሐምሌ ላይ ዱባይ ራስ ያዞራል። ታኅሣሥ ላይ ሽሮ ሜዳ ማታ በጋቢ ስትወጪ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ። አምበር በኔ አከፋፈል ጣፋጭና ደረቅ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ አንቺ መጀመሪያ የትኛው እንደሆንሽ እወቂ። ከጣፋጮቹ ግራንድ ሷር (የሜዞን ፍራንሲስ ኩርክጃን፣ እ.ኤ.አ. 2016) የኔ ምርጫ ነው፤ ቤንዞይንና ቫኒላ በደንብ አለው፣ ዋጋው ግን ያስለቅሳል። ዋጋው የማይጎዳሽ ከፈለግሽ የላታፋ ኻምራ አለ፤ ቀረፋና ቴምር ይሸታል፣ ምሽት ላይ ያምራል፣ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ ከተረጨ ድስት ሙሉ ሐልዋ ተሸክመሽ የመጣሽ ነው የሚመስለው። ከደረቆቹ ሌር ዱ ዴዜር ማሮካን (የአንዲ ታወር፣ እ.ኤ.አ. 2005) ድምብላልና ከሙን አለው፤ ዕጣኑም ጎልቶ ይሰማል። የሰርዥ ሉተንስ አምበር ሱልጣን ደግሞ ቅጠላ ቅጠል አለበት። የጌርላን ሻሊማር (እ.ኤ.አ. 1925) የሁሉም አያት ናት፤ መጀመሪያ ላይ ሎሚዋ ስለሚጮህ ሰው ቶሎ ይተዋታል፣ ግማሽ ሰዓት ከታገሥሻት ግን ጭስ ያለበት ቫኒላ ትሆናለች። የድሮዋ ሻሊማር ዝባድም (ከጥርኝ የሚወጣው) ነበረባት። ዝባድን በቀንድ አሽገን ለዓለም ስንልክ የኖርነው እኛ ነን፤ አሁን በብዛት በሰው ሠራሽ ተተክቷል።

እዚህ ላይ ፈረንጆቹ የማይነግሩሽን ልንገርሽ። የሐበሻ አፍንጫ ሙጫ ያውቃል። እነሱ «ምሥጢራዊ፣ የምሥራቅ ምሽት» የሚሉት ሽታ ለኛ ወይ ቅዳሴ ነው ወይ ቡና ነው። ዕጣን የበዛበት ደረቅ አምበር ተቀብቼ እናቴ ቤት የሄድኩ ቀን «ዛሬ ደግሞ ምን በዓል ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ነበር?» ነው ያለችኝ። ለሠርግ ያሰብሽው ከሆነ እንግዲህ ጣፋጩ ይሻልሻል ባይ ነኝ፤ ደረቁን ከሰው ጋር ለመቀመጥ፣ ለእራት፣ ሹራብ ለብሰሽ ለምትወጪበት አቆዪው።

የማያፍን ላልሽው ደግሞ የራሴን ልንገርሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለገና ዋዜማ አዲስ ጠርሙስ ገዝቼ አንገቴ፣ ፀጉሬ፣ ነጠላዬ ላይ ስድስት ጊዜ ረጭቼ ታክሲ ገባሁ። ብርዱ ሌላ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው!» የሚሉት ዓይነት፣ ብዙ ሳንሄድ «ልጄ እባክህ ያንን መስኮት ክፈተው» አሉት ረዳቱን። ማንም አልተቃወመም። እስክወርድ አንገቴን አላዞርኩም።

በማግሥቱ ነጠላዬን ሳነሳ ጥለቱ አጠገብ የሳንቲም ያህል ቢጫ ነጠብጣብ አገኘሁበት። ቫኒሊን ሲቆይ ይጠቁራል፣ ሙጫውም ራሱ ቀለም አለው። ሁለቴ ታጥቦም አልለቀቀም። ስለዚህ ነጭ የሐበሻ ልብስ ላይ በጭራሽ እንዳትረጪ። ጠቆር ያለ የሱፍ ሻርፕ ከሆነ ግን ደስ ይላል፤ ሱፍ ሽታ ይይዛል፣ በሦስተኛው ቀን ስታነሺው ራሱ ይቀበልሻል።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይኼ ነው። ገላዬን ታጥቤ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን በስሱ እቀባለሁ፣ ደረቅ ቆዳ ላይ ሽቶ አይቆይምና። ከዚያ ከልብስ በፊት ደረቴ ላይ አንዴ፣ ማጅራቴ ላይ አንዴ፤ በቃ። ከልብስ ሥር ሲሆን በአንገትሽ በኩል እያሾለከ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «አልሸተተኝም» ብለሽ እንዳትደግሚ፤ አፍንጫሽ ለምዶት ነው እንጂ ጎንሽ ያለው ሰው ይሸተዋል።

ስትገዢ ወረቀት ላይ አሽተሽ አትወስኚ። ክንድሽ ላይ አስረጪና ውጪ፤ ማኪያቶሽን ጠጪ፣ ሌላ ጉዳይሽን ጨርሺ፣ ከሦስትና አራት ሰዓት በኋላ ያለው ነው የምትኖሪበት ሽታ። ዕጣን የሚጨስበት ቤት ግን እንዳትሞክሪው፣ ምንም አይለይልሽም። ግማሽ ዋጋ ብለው «ኦሪጅናል ነው» የሚሉሽንም እለፊያቸው።

ለሦስቱ ሠርግ ሙሉ ጠርሙስ ከመግዛትሽ በፊት በትንሽ ብልቃጥ ቀድተው የሚሸጡ ካገኘሽ ከጣፋጩም ከደረቁም ግዢ። አንደኛው ሠርግ ላይ አንዱን ሞክሪና ጻፊልን፤ በተለይ ስትሳሚ ሴቶቹ ምን እንዳሉሽ።