ገዳሙና ኩሬዎቹ፦ ስለ ጀርመኗ ማውልብሮን ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ልጄ የምትኖረው ሽቱትጋርት ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ልጠይቃት ስሄድ ማውልብሮን የሚባል ጥንታዊ ገዳም ልትወስደኝ አስባለች። አባቶችን ተሳልሜ፣ ጠበል ጠጥቼ ልመለስ እችላለሁ? ወቅቱ ፍልሰታ ስለሆነ የምግቡም ነገር አሳስቦኛል።
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እናታችን፣ ደርሰው እንዳያዝኑ ከወዲሁ እንንገርዎ፤ ማውልብሮን ውስጥ ዛሬ መነኩሴ የለም። ገዳሙን በ1147 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመሠረቱት ሲስተርሲያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ነበሩ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የቩርተምበርግ መስፍኖች ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ሲዞሩ ገዳሙ ከመነኮሳቱ እጅ ወጣ፤ በ1556 ትምህርት ቤት ተደረገ። የሰማይ ከዋክብትን አካሄድ ያጠናው ዮሐንስ ኬፕለር በልጅነቱ የተማረው እዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ መስቀል የሚያሳልም አባት አይፈልጉ።

ጠበልም የለም። በመነኮሳቱ መመገቢያ አዳራሽ ፊት ለፊት ውኃው ከሳሕን ወደ ሳሕን የሚወርድበት ያማረ ምንጭ ያያሉ፤ እሱ ግን ከማዕድ በፊት እጅ መታጠቢያ ነበር። የአመሠራረቱ ታሪክ ከእኛ ገድላት ብዙም አይርቅም፦ መነኮሳቱ በቅሎ ለቀው እሷ ቆማ ውኃ በጠጣችበት ቦታ ሠሩ ይባላል። ስሙን ከበቅሎ ሳይሆን ከወፍጮ ጋር የሚያያይዙትም አሉ።

መንገዱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ማውልብሮን ቬስት» የሚል የባቡር ጣቢያ ስላለ ብዙ ሰው ደረስኩ ብሎ እዚያ ይወርዳል። ከገዳሙ ግን ሩቅ ነው፤ በእግር ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ያስኬዳል። ሙህላከር በምትባለው ከተማ ወርዶ አውቶቡስ መያዝ ይሻላል። ነሐሴ እዚያ የሙቀት ወቅት ቢሆንም የድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ይበርዳልና ጋቢዎን አይተዉት።

ስለ ጾሙ፦ «ቬጌታሪሽ» የተባለ ምግብ ሥጋ ባይኖረውም ወተትና እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ልጅዎ «ቪጋን» ብላ ትዘዝልዎ። በተለይ «ማውልታሸ» ከሚባለው ይጠንቀቁ። በሊጥ የተጠቀለለ ስለሆነ ሥጋው ከውጭ አይታይም። የአገሩ ሰው ሲቀልድ የማውልብሮን መነኮሳት በጾም ሥጋ ከእግዚአብሔር ለመደበቅ የፈጠሩት ነው ይላል።

ጥያቄ፦ ያ ገዳም ውኃውን በኩሬ በኩሬ አያይዞ ይጠቀም ነበር ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው የሚሠራው? በእኛ ሰፈር የተሠራ ኩሬ በሁለተኛው ክረምት ግድቡን ጥሶ ሄዷል።
ገበሬ፣ ከመንዝ

መልስ፦ ጥያቄዎ የገዳሙን ዋና ነገር ነክቷል። ጎብኚው ቅስቱንና አምዱን አይቶ ይመለሳል፤ ዩኔስኮ በ1993 ቦታውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ግን የውኃ ማጠራቀሚያዎቹን፣ የመስኖ ቦዮቹንና የፍሳሽ መውረጃዎቹንም ቆጥሮ ነው። ሳልዛህ የተባለች ትንሽ ወንዝ በምታልፍበት ሸለቆ ዙሪያ መነኮሳቱ ኩሬዎችን ከፍና ዝቅ አድርገው ሠሩ። የላይኛው ሲሞላ ወደ ታችኛው ያፈሳል። ውኃው ወፍጮ ያዞራል፣ መስክ ያጠጣል፣ ቆሻሻ ይጠርጋል፣ ዓሣ ያረባል። ሥርዓታቸው የአራት እግር እንስሳ ሥጋ ይከለክል ስለነበር ዓሣው ለማዕዳቸው የግድ ነበር። ከገዳሙ በላይ ያለው «ጥልቁ ሐይቅ» ዛሬ የከተማው ሰው በበጋ የሚዋኝበት ነው።

አሁን ወደ ተጣሰው ግድብ። ሳናየው ፍርድ መስጠት ቢከብድም የአፈር ግድብ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው ውኃ በላዩ ሲሻገር ወይም በውስጡ ሰርጎ ሲሸረሽረው ነው። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ማስተንፈሻ፣ ማለትም ትርፉ ውኃ የሚወጣበት ቦይ ነው። ማስተንፈሻው በተደለደለው አፈር ላይ ሳይሆን በጎን፣ ባልተነካው ጠንካራ መሬት ላይ ይቆፈር። ጎርፍ ሲሞላም የግድቡ አናት ከውኃው ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት።

ሁለተኛው ከአፈሩ ይመጣል። የእኛ መረሬ ውኃ ይይዛል ተብሎ ይታመናል፤ እርጥብ ሳለ እውነት ነው። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፣ የሐምሌ ውኃም በስንጥቁ ይገባል። ስለዚህ መረሬ ብቻውን ለግድብ አይሁን። የማይሰነጠቅ ሸክላማ አፈር ይፈለግ። መጀመሪያ ሣሩ፣ ሥሩና የላይኛው ለም አፈር ይጠረግ፤ ከግድቡ ሥር ቦይ ተቆፍሮ በዚያው ሸክላማ አፈር ይሞላ። ከዚያ በ15 በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተደረገ፣ እየረጠበ ይጠቅጠቅ። በጭብጥ ሲያዝ ድቡልቡል የሚሆን እጅ ግን የማያጨቀይ እርጥበት ይበቃል። በውኃው በኩል ለ1 ሜትር ከፍታ ወደ ጎን 2.5 ሜትር የሚሄድ ተዳፋት ይሰጠው። ባሕር ዛፍ ግድቡ ላይ አይተከል፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውኃው መንገድ ይተዋል። የግድቡ ቁመት ከ3 ሜትር ከበለጠ ያለ መሐንዲስ አይጀመር።

በጀርመን የዓሣ ኩሬዎች የውኃ መልቀቂያው «ሞንሽ» ይባላል፤ ትርጉሙ መነኩሴ ነው! በኩሬው ውስጥ ከግድቡ አጠገብ የቆመ፣ ከታች በግድቡ ሥር ከሚያልፍ ቧንቧ ጋር የተያያዘ ጠባብ ሣጥን ነው። በጎኖቹ ባለው ጎድጎድ ጣውላዎች አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ፤ ሁለት ረድፍ ሆነው በመካከላቸው ጭቃ ሲጠቀጠቅ ውኃ አያሾልኩም። የኩሬው ከፍታ የሚወሰነው በላይኛው ጣውላ ነው። ውኃ ለመልቀቅ ከላይ አንድ በአንድ ይነሣል። ተቻኩሎ ሁሉን ማንሣት ስሕተት ነው፤ ውኃው ድንገት ሲሸሽ በውኃ የጠገበው የግድቡ ውስጠኛ ፊት ይናዳል። በቧንቧው ዙሪያ ያለው አፈርም በእጅ መጠቅጠቂያ በጥንቃቄ ካልተመታ ውኃ ቧንቧውን ተከትሎ ያሾልካል።

ጥያቄ፦ ከተማችንን ከማውልብሮን ጋር በእህትማማችነት ለማስተዋወቅ ለማን ይጻፋል? ለገዳሙ ወይስ ለከተማው?
የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ፣ ከፍቼ

መልስ፦ ለከንቲባው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ነዋሪዎቿ 7 ሺህ አይሞሉም፤ ግን የራሷ ምክር ቤት አላት። በዚያ ክፍለ አገር፣ በባደን-ቩርተምበርግ፣ ከንቲባን ሕዝቡ ራሱ ለ8 ዓመት ይመርጣል፣ ምክር ቤቱን ደግሞ ለ5 ዓመት። ገዳሙ የከተማዋ ሳይሆን የክፍለ አገሩ መንግሥት ንብረት ስለሆነ ስለ ቅርስ አጠባበቅ ልምድ ከፈለጋችሁ ሌላ ደብዳቤ የክፍለ አገሩን ግንቦችና የአትክልት ቦታዎች ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ጻፉ። ሁለቱም በጀርመንኛ ይሁኑ። የከንቲባው ቢሮ ራሱ በገዳሙ ግቢ ውስጥ ነው፤ ደብዳቤያችሁ የሚከፈተው በድሮው የፈረስ ጋጣ ይሆናል።