ቶሎ የሚቀበል ጆርናል ለምትፈልጉ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት የማስተርስ ተማሪ «ጋሼ፣ የነፍሳት ምርምር ቶሎ የሚያትም ጆርናል የትኛው ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

አንዲት ባልደረባ ነበረችኝ። አባጨጓሬ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ደቃቃ ተርብ ታጠና ነበር። ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ የክንፏን ጅማቶች በእርሳስ ስትስል ትውላለች። የአንቴናዋን አንጓዎች ትቆጥራለች፤ ልቧ ካላረፈ እንደገና ትቆጥራለች። ከብዙ ልፋት በኋላ ተርቧ እስከዚያ ያልታወቀች ዝርያ መሆኗን አረጋገጠች። ያን ዕለት ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ጽሑፉን በኢሜይል ለጋበዛት ጆርናል ላከችው። ሳምንት ሳይሞላ «ተቀብለናል» የሚል መልስ መጣ። የገምጋሚ አስተያየት የለ፣ አንዲት ጥያቄ የለ። የክፍያ መጠየቂያው ግን ተያይዟል። ከፈለች፣ ታተመላት፣ ሁላችንም ደስ አለን።

ጉዱ የወጣው ቆይቶ ነው። የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ የወጣን አዲስ ስምም ይቀበላል። ግን ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ዙባንክ በተባለው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፤ መመዝገቡም እዚያው ጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት። ጆርናሉ ይህን አላደረገም። ስለዚህ የሰጠችው ስም በሕጉ ፊት እንዳልወጣ ተቆጠረ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች ያችኑ ተርብ በሌላ ስም ገለጿት፣ የጸናውም የእነሱ ነው። የጆርናሉ ድረ ገጽም ጠፋ። እሷ ሥዕሎቿን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ወደ ሌላ ሥራ ዞረች። ያ ሁሉ ልፋት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች በፎቶና በዘረመል ሥራ እኛን ጥላችሁ ሄዳችኋል። የማንበብ ትዕግሥታችሁ ግን ያሳስበኛል። ጽሑፋችሁ መጨረሻ ላይ የደረደራችሁትን የዋቢ ዝርዝር እስቲ እዩት። ደጋግማችሁ የጠቀሳችሁት ጆርናል አንባቢያችሁ ያለበት ነው። አንዴም ያልጠቀሳችሁት ጋ ምን ወሰዳችሁ? ዝርያ የሚገልጽ ሰው ዙታክሳ ወይም ዙኪስ የተባለውን ጆርናል ያውቃል። የሰብል ተባይ የሚያጠና ደግሞ ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክ ኢንቶሞሎጂን ሳያገላብጥ አይቀርም።

ኢምፓክት ፋክተር የሚባለው የጆርናል መለኪያ ቁጥር አያስጨንቃችሁ። ዋናው ስሌት የሚያየው ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡ ጽሑፎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ ነው። የዝርያ ገለጻ ግን መቶ ዓመት ቆይቶም ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ቁጥሩን የሚያወጣው ድርጅት ክላሪቬት ዙታክሳን «ራሱን አብዝቶ ይጠቅሳል» ብሎ ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበር። ተመራማሪዎች ጮኹ፣ ብዙም ሳይቆይ መለሰው። እንዲህ እያልኩም፣ ሥራ የሚያመለክትን ልጅ ቁጥሩን ተወው ማለት ይከብደኛል። ቀጣሪ ያየዋላ! ሁለት ጥሩ ጆርናሎች መሃል ከሆናችሁ ቁጥሩ የሚበልጠውን ያዙ።

አዲስ ዝርያ ከሆነ ግን ከመላካችሁ በፊት ለኤዲተሩ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ዙባንክ ላይ የሚያስመዘግበው ጆርናሉ ነው ወይስ እናንተ? ጥርት ያለ መልስ ካልሰጣችሁ ሌላ ጋ ላኩት።