«6 ጫማ ረጅም» ወይስ «ቁመቱ 6 ጫማ»?

ጥያቄ፦ የስፖርት ዜና ከእንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። «ሲክስ ፊት ቶል» የሚለውን «6 ጫማ ረጅም ነው» ብዬ ስጽፍ አርታዒያችን ሁልጊዜ ይሰርዙብኛል። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ አርታዒዎ ልክ ናቸው። በእንግሊዝኛው ሐረግ ውስጥ «ቶል» የተለካው ቁመት መሆኑን ብቻ ያመለክታል እንጂ ሰውየው ረጅም ነው አይልም። ገና ድክ ድክ ስለሚል ሕፃንም ያው ቃል ይነገራል። የአማርኛው «ረጅም» ግን ፍርድ ነው። «ሕፃኑ 75 ሳንቲ ሜትር ረጅም ነው» የሚለውን እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ጆሮዎ ወዲያው ይቃወመዋል።

አማርኛ ልኬትን የሚናገረው በስም ነው፦ «ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ነው»፤ ወይም «1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ተጫዋች»። ይህ ትናንት የመጣ ደንብ አይደለም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የጎልያድ ቁመት «ስድስት ክንድ ከስንዝር» ነበረ ተብሎ ተጽፏል። ትልቁን መለኪያ ከትንሹ ጋር የምታያይዘውን «ከ» ልብ ይበሉልኝ፤ አንዲት ፊደል ሆና ስንቱን ትሠራለች! «ረጅም» የሚል ቃል ሳይገባ የሰውየው ግዝፈት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ረዘመ» ከልኬት ጋር የሚስማማው ሲነጻጸር ነው፤ ያኔም «በ» ያስፈልገዋል፦ «ከወንድሙ በ5 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል»። «ከፍታ»ን ደግሞ ለተራራና ለአውሮፕላን ይተዉት፤ ለሰው «ቁመት» ይበቃል። «6 ጫማዎች» ማለትም አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ብዛቱን ተናግሯል።

ከሰዋስው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የነጥቡ ነገር ነው። አንድ ጫማ 12 ኢንች ነው እንጂ 10 አይደለም። ስለዚህ 5 ጫማ ከ10 ኢንችን «5.10 ጫማ» ብሎ መጻፍ ከባድ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው 178 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሒሳብ ሕግ 5.1 ጫማ፣ ማለትም 155 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአንዲት ነጥብ ተጫዋቹ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል አጠረ ማለት ነው! እንዲህ ያለው ቁጥር አንዴ ከታተመ በኋላ ሌላው ጸሐፊ ሳይጠራጠር ይገለብጠዋል።

የእኔ ምርጫ በሜትር መጻፍ ነው፤ አንባቢዎ የለመደው እሱን ነውና። ጫማውን በ30.48፣ ኢንቹን በ2.54 ያባዙና ይደምሩ፤ ውጤቱን በሳንቲ ሜትር ያገኙታል። የመጀመሪያውን ልኬት ማቆየት ግድ ከሆነ «5 ጫማ ከ10 ኢንች» ብለው፣ የመለኪያዎቹን ስም በፊደል ይጻፉት።